ዕድሜውን ዝቅ ማድረግ የወሎን ልጆች አያርምም

ሰሞኑን በወሎ ከተሞች ስለሚታየው የልጆች ጥፋት የሚያትት አንድ ረጅም ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጸሐፊው ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ወልድያን እያነሱ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ስልክ የሚነጥቁ፣ የውሃ ቆጣሪ ነቅለው የሚሸጡ፣ ጩቤ ይዘው የሚያመሹ ልጆች መብዛታቸውን ይገልጻሉ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት አምስት ነገር ነው። ልጅ እንደ አዋቂ የሚዳኝበትን ዕድሜ የክልሉ ምክር ቤት ከ15 ወደ 12 ዝቅ ያድርገው፤ ኮምቦልቻ አካባቢ ለመላው ክልል የሚሆን አንድ ትልቅ የልጆች ማረሚያ ይሠራ፤ የልጆች ጉዳይ በሽምግልና ማለቁ ይቅር፤ የሚዳኙበት ችሎት ለሕዝብ ክፍት ይሁን፤ ወላጆቻቸውም ይቀጡ። ካነበቡት ብዙዎቹ ተስማምተዋል።

እኔ በዚሁ በወሎ ለዓመታት በማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ሕግ ተላልፈዋል ተብለው የተያዙ ልጆችን ቤት እየሄድኩ አይቻለሁ፤ ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ጋር ተቀምጬ ተነጋግሬአለሁ። ስለዚህ የጸሐፊውን ስጋት ፈጠራ ነው አልልም። ማታ ከፋብሪካ ስትወጣ ቦርሳዋን የተነጠቀች ሠራተኛ ምሬት ይገባኛል፤ ቆጣሪው ተነቅሎበት ውሃ ተቋርጦበት የሰነበተ አባወራ ንዴትም እንዲሁ። የማልስማማው በመፍትሔው ነው። ጽሑፉ የሚነሣው «ሕጉ ልል ስለሆነ ነው» ከሚል እምነት ነው። እኔ ያየሁት ግን ለልጆች የተጻፈው ሕግ በወረዳዎቻችን በቅጡ ሳይሠራበት መኖሩን ነው። ያልተሠራበትን ሕግ «አልሠራም» ብሎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጽሑፉ «ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሰው ቢገድል እንኳ ወደ ቤቱ ይሸኛል» ይላል። ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ልጆችን በሦስት ይለያል። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ እርሱን ማረም የወላጅ፣ የአሳዳጊና የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ይጠየቃል፤ የሚወሰንበት እርምጃ ግን ለአዋቂ ከተጻፈው የተለየ ነው። 15 ዓመት ያለፈው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይም ሞት አይፈረድም። ከዚህ በተረፈ የ16 ዓመቱ ልጅ ከ40 ዓመቱ ጎልማሳ ጎን ቆሞ በአንድ መዝገብ ሊከሰስ ይችላል፤ ይከሰሳልም።

ከ9 እስከ 15 ላሉትም ሕጉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ተግሣጽ አለ። በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት አለ። ለታመነ ሰው ተሰጥቶ በቁጥጥር ሥር ማደግ አለ። ሕክምና የሚያስፈልገውን ልጅ ወደ ሕክምና መላክ አለ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ወደ ጠባይ ማረሚያ ማስገባትም አለ። ጥፋቱ አዋቂ ቢፈጽመው 10 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ በልጁ ላይ ከ1 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እስራት ሊወሰን ይችላል። እንግዲህ የገደለ የ14 ዓመት ልጅ ወደ ቤቱ እንዲሸኝ የሚያዝ ድንጋጌ ከየት ተገኘ?

እንዲያውም የእኔ ቅሬታ ከጸሐፊው በተቃራኒ ነው። ኢትዮጵያ ከ30 ዓመት በላይ የታሰረችበት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው። የእኛ ልዩ ሥነ ሥርዓት ግን 15 ላይ ይቆማል። ከ15 እስከ 18 ያሉት፣ ማለትም በየጣቢያው በብዛት የማገኛቸው ልጆች፣ ልጅነታቸው በወረቀት ታውቆ አያያዛቸው ግን የአዋቂ ነው። ማሻሻል ካስፈለገ መሻሻል ያለበት ይህ ነው፤ ከለላው ወደ 18 ይዘርጋ እንጂ ወደ 12 አይጠበብ።

«የክልሉ ምክር ቤት ዕድሜውን ዝቅ ያድርግ» የሚለው ጥያቄ በሥልጣን ክፍፍሉም አያስኬድም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች ማውጣት የሚችሉት በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ በግልጽ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ነው። የኃላፊነት ዕድሜ ደግሞ ተሸፍኗል። ይህን የማነሣው ጸሐፊውን በነጥብ ለመርታት አይደለም። ክልሉ የማይችለውን ስንጠይቀው፣ የሚችለውን ሳይጠየቅ ያልፋል። ዳኛ መመደብ፣ ፖሊስ ማሠልጠን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መቅጠር፣ ልጆች ከአዋቂ ተለይተው የሚቆዩበት ክፍል ማዘጋጀት፣ ተከላካይ ጠበቃ ማቅረብ በክልሉ እጅ ያሉ ናቸው። ለእነዚህ ማንም አዋጅ እስኪያሻሽል መጠበቅ አያስፈልግም።

ጸሐፊው አሜሪካን በምሳሌነት ጠርተው «እዚያ ልጅም እንደ አዋቂ ስለሚፈረድበት ይፈራል» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ልጆችን ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ማስተላለፍን የሚያቀልሉ ሕጎች አውጥተዋል። ጽሑፉ ያላነሣው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው የባለሙያዎች ግምገማ፣ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት የተላለፉት ልጆች በልጆች ፍርድ ቤት ከቀሩት ይልቅ በኋላ በኃይል ወንጀል ደግመው እንደሚያዙ አግኝቶ አሠራሩን ተቃውሟል። ኒው ዮርክና ሰሜን ካሮላይና፣ እስከዚያ ድረስ የ16 ዓመት ልጅን እንደ አዋቂ ይዳኙ የነበሩ ሁለት ግዛቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን ጉዳይ በአብዛኛው ወደ ልጆች ሥርዓት የሚመልስ ሕግ አወጡ። ወደ አፍሪካ ብንመለከትም ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቅተኛውን የወንጀል ኃላፊነት ዕድሜ ከ8 ወደ 12 ከፍ አድርጋለች፤ ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት ከ10 ወደ 12። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ቢያንስ 14 እንዲያደርጉ አሳስቧል። የእኛ 9 ነው። ዓለም ወደሚርቅበት አቅጣጫ እንሩጥ መባሉ አልገባኝም።

አሁን ጽሑፉ ጨርሶ ወዳልነካው፣ በእኔ ዓይን ግን ከሁሉ ወደሚቀድመው ጉዳይ ልግባ። ዕድሜን 15 አደረግነው፣ 12 አደረግነው፣ የልጁን ዕድሜ የሚያውቀው ማን ነው? በአገራችን የልደት ምዝገባን ጨምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ዛሬ ጣቢያ የሚቀርብ የገጠር ልጅ ብዙውን ጊዜ የልደት ወረቀት የለውም። የክርስቲያን ልጅ ከሆነ የክርስትና አባቱ ወይም የደብሩ ቄስ ሊያስታውሱለት ይችላሉ። የሙስሊም ልጅ ከሆነ እናቱ «ረመዳን በክረምት በዋለበት ዓመት ነው የወለድኩት» ትላለች፤ ብልህ ዳኛ ይህንንም ቆጥሮ ወደ ዓመተ ምሕረት ያመጣዋል። የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብም ይረዳሉ፤ ግን ጦርነቱ በደረሰባቸው ወረዳዎች ስንት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ከነመዝገቡ እንደተዘረፈ የወሎ ሰው ያውቃል።

ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ የእጅ አንጓው በኤክስሬይ ታይቶ ዕድሜው ይገመታል። ግምቱ እስከ ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ ሊስት የሚችል ነው፤ ሐኪሞቹም ይህን አይደብቁም። ረሃብ ያየ ልጅ አጥንቱ ከዕድሜው ወደ ኋላ ይቀራል። 15 ላይ መስመር በተሰመረበት ሕግ ሁለት ዓመት ማለት በልጆች ሥርዓትና በአዋቂ ክስ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። የእናቱን ቃል የሚሰማ ሳይኖር፣ ፖሊሱ ቁመቱን አይቶ «18» ብሎ የጻፈለትን ልጅ አውቃለሁ፤ ጢም እንኳ አልነበረውም። እንግዲህ መስመሩን ወደ 12 ብናወርደው የ10 ዓመት ልጅ 12 ተብሎ አዋቂ ችሎት ፊት አይቆምም ብሎ የሚተማመን ካለ፣ ይህን እምነቱን ከየት እንዳገኘው ቢነግረኝ እወዳለሁ። ዕድሜ ሲያጠራጥር ለልጁ በሚበጀው መተርጎም አለበት፤ ክልሉ ይህን ለፖሊሶቹና ለዐቃቤ ሕጎቹ በግልጽ መመሪያ ሊያወርድ ይችላል።

ቀጥሎ ልጁ በተያዘ ዕለት የሚሆነውን እንይ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ቢሆንም፣ ስለ ልጆች የያዘው ክፍል ሲያነቡት የሚያስገርም ነው። አንቀጽ 172 የተያዘው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጣቢያ ይደር አይልም። ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ የሚያዘው ፍርድ ቤቱ ነው። ጉዳዩ በቀጠሮ ከተላለፈ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነርሱ ከሌሉ ለችሎት ሊያቀርበው ለሚችል ለታመነ ሰው። ወላጅ ይጠራል። ወላጅ ካልተገኘ ወይም ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ጠበቃ ይቆምለታል። ነገሩ የሚሰማው በዳኛው ቢሮ፣ ያለ ግርግር ነው። ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይና አስተዳደግ የሚያውቅ ሰው ጠርቶ መጠየቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል።

አሁን ይህን በልባችን ይዘን አንድ ልጅ ልጥቀስ፤ ማንነቱን የሚገልጥ ነገር አልጽፍም። ከአንድ የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ ወረዳው ከተማ ወጥቶ ሊስትሮ የሚሠራ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የውሃ ቆጣሪ ነቅለህ ለቆራሌው ሸጠሃል ተብሎ ተያዘ። ሸጧል፤ አልካደም። ቀኑ ለበዓል የተጠጋ ስለነበር ዳኛ አልተገኘም፤ በዓሉ እስኪያልፍ አዋቂዎች ከታሰሩበት ክፍል ገብቶ ሰነበተ። ያሳደገችው አያቱ ያለበትን አታውቅም፤ የነገራትም የለም። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ስለ እርሱ የሚናገር ማንም አልነበረም፤ በተግሣጽ ተለቀቀ። ከክፍሉ የወጣው ግን ከአንድ ሰው ጋር ተዋውቆ ነው። ከወራት በኋላ የያዘው ክስ የቆጣሪ አልነበረም፤ ሌሊት ሱቅ መስበር ነበር፤ ያሰማራውም ያ በእስር ቤቱ የተዋወቀው ጎልማሳ ነበር። ቆጣሪውን የገዛውን ቆራሌ በመጀመሪያው ጊዜም ሆነ በሁለተኛው የጠየቀው የለም።

ይህን ታሪክ ለጸሐፊው ባነብላቸው «ይኸው፣ ተግሣጽ አላረመውም» ይሉኝ ይሆናል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ አንቀጽ 172 ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ያ ልጅ በዚያ ክፍል አንድ ሌሊት አያድርም ነበር። አያቱ በዕለቱ ትጠራ ነበር። በተግሣጹ ፋንታ በአንድ የታመነ ሰው ቁጥጥር ሥር እንዲሆን፣ ትምህርት ቤት እንዲመለስ ሊታዘዝ ይችል ነበር፤ ያን የሚከታተል ሰው ግን በወረዳው አልተቀጠረም። ዳኛው በሕጉ ከተሰጡት አምስትና ስድስት አማራጮች ሊጠቀምበት የቻለው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሰው ኃይልና ቦታ ይፈልጋሉ። ዳኞቻችንን ለዚህ መውቀስ አይገባም። በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተጀምሮ ወደ ክልሎች የተስፋፋው ለሕፃናት ምቹ የሆነ ችሎት ባለሙያና ክፍል በተሟላለት ቦታ ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ ዳኞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከዞን ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ወረዳ ሲኬድ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠረጴዛና ወንበር እንኳ የሚያንሰው ችሎት ነው።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ አዋቂዎች ልጆችን እንደሚጠቀሙባቸው መጻፋቸው ትክክል ነው። «ልጁ አይታሰርም» ብሎ ልጅ የሚያሰማራ አለ። ታዲያ ጥፋቱ የአሰማሪው ሆኖ ሳለ ስለ ምን መፍትሔው በልጁ ላይ ይወርዳል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 ሕፃንን መሣሪያ አድርጎ፣ ወይም ሰውን አሳስቶና አስገድዶ ወንጀል ያስፈጸመውን ሰው እንደ ዋና ወንጀል አድራጊ ይቆጥረዋል። የተሰረቀ ነገር አውቆ የሚገዛም በመሸሸግ ይጠየቃል። የነሐስ ቆጣሪ በኪሎ የሚገዛ ነጋዴ ቆጣሪው ከየት እንደመጣ አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል? ፖሊስ ለአንድ ወር ልጆቹን ማሳደዱን ትቶ የሚገዙትን ቢከታተል፣ የቆጣሪው ስርቆት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ትልቁ ማረሚያ ልለፍ። በአገራችን ለረጅም ዘመን የታወቀው የልጆች ጠባይ ማረሚያ አዲስ አበባ ያለው ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ጸሐፊው «ቅርባችን ይኑር» ማለታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ኮምቦልቻ ለደሴ ቅርብ ነው እንጂ ለሰቆጣ፣ ለላሊበላ፣ ለዋድላ፣ ከዚያም አልፎ ለጎጃምና ለጎንደር ልጅ ቅርብ አይደለም። መንገድ በጸጥታ ምክንያት እየተከፈተና እየተዘጋ ባለበት ዘመን፣ ልጇን ለማየት ከዋግ ተነሥታ ኮምቦልቻ የምትደርስ እናት የትኛዋ ናት? እናት ያላየችው ልጅ ሲወጣ የሚመለስበት ቤት አይኖረውም፤ ወደ መናኸሪያው ይመለሳል። የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት በቡንቪል የነበራትን ትልቅና ያረጀ የልጆች ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1983 ዘግታ፣ በየአካባቢው ጥቂት ጥቂት ልጆች የሚይዙ ትናንሽ ቤቶችን ተክታለች፤ ሌሎች ግዛቶች ያንን አሠራር ለመማር እስከ ዛሬ ይሄዱበታል። እኛ እነርሱ ከተዉት ልንጀምር አይገባም። ለአንድ ትልቅ ግቢ የሚወጣው ገንዘብ፣ በየዞኑ አንድ አነስተኛ ማረፊያና በየወረዳው አንድ ተከታታይ ባለሙያ ያቆማል። የልጆችን ማረፊያ በፖሊስ ግቢ ውስጥ ማድረግ እንደማይገባም በዚሁ ልጨምር፤ ልጁ በየቀኑ የሚያየው የታጠቀ ሰው ከሆነ ቦታው ስሙን ብቻ ቀይሯል።

ሽምግልናን በተመለከተ የጸሐፊው ቃል ከባድ ነው፤ «ፍትሕን በሙክት መሸጥ» ይሉታል። ይህን የወሎ ሰው መጻፉ አሳዘነኝ። ሸህና ቄስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደም ያደረቁበት አገር ነው። በደቡቡና በቆላው አበጋሮች፣ በራያ በኩል ዘወልዶች የሚባሉት አስታራቂዎች፣ መንግሥት ያልደረሰበትን ቂም ሲያበርዱ ኖረዋል። ሁለት ቤተሰብ ለትውልድ ሊገዳደል ሲል በዱዓና በመስቀል መካከል አስቁመውታል። ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ገፍቶ መጣል ነውር ነው።

ሆኖም ጸሐፊው ካዩት አንድ እውነት ልሸሽ አልፈልግም። በልጆች ጉዳይ ሽምግልናው ጎደሎ ነው። የልጁ አባት ወይም አጎት ይቀርባል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ፍየል ሸጦ ካሳ ይከፍላል፤ ተበዳዩ ይመረቃል፣ ነገሩ ያበቃል። ልጁ ግን በዚያ ጉባኤ ላይ የለም። ያደረሰውን ጉዳት ከተጎዳው ሰው አንደበት አልሰማም፤ ካሳውንም የከፈለው እርሱ አይደለም። ትልልቆች ተስማምተው ልጁ ምን እንደተሰማው ሳይታወቅ ይቀራል። ይህ መታረም የሚችል ጉድለት ነው። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው ሕግ የልጆች ጥፋት በቤተሰብ ጉባኤ የሚታይበትን መንገድ ከፍቷል፤ ሐሳቡ የተወሰደው ከአገሬው ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ነው። ልጁ ይቀርባል፣ ቤተሰቡ ይቀርባል፣ ተበዳዩ ከፈቀደ ይቀርባል፣ ፖሊስም ይገኛል፤ ልጁ ያደረገውን በራሱ አንደበት ተናግሮ እንዴት እንደሚክስ አብሮ ይወስናል፤ ስምምነቱም ይጻፋል። እኛ ሽማግሌው አለን፣ ጥላው አለን፣ ሰው የሚያምነው ቃል አለን። የሚቀረን ልጁን ከጓሮ አምጥቶ መሐል ማስቀመጥና የተስማሙበትን ለወረዳው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ቆጣሪ የነቀለው ልጅ በትርፍ ሰዓቱ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር እየዋለ ቢክስ፣ ሙያም ይቀስማል፣ ሰፈሩም ፊቱን ያየዋል።

ነገር ግን ለሽምግልና የማይሰጥ ጉዳይ አለ፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ይልቅ ጠንካራ ነኝ። ሴት ልጅ የተደፈረችበት፣ የተጠለፈችበት ጉዳይ አጥፊው 14 ዓመት ቢሆንም በጥላ ሥር ማለቅ የለበትም። እዚያ ካሳው ለአባቷ፣ ዝምታው ለእርሷ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ልጅቷ ሳትሸማቀቅ ቃሏን የምትሰጥበት ለሕፃናት ምቹ ችሎት ሊቀርብ ይገባል፤ አጥፊው ልጅ ከሆነም በልጆች ሥርዓት፣ ግን በፍርድ።

ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ደሴ ሰፊ ከተማ ብትመስልም ሰው ይተዋወቃል፤ ሐይቅና ውጫሌማ ጭራሽ። ስሙ በሌብነት የተጠራ የ12 ዓመት ልጅ ነገ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ማንስ ጓዳ ያስገባዋል? ዳኛውን የሚጠረጥር ካለ በይግባኝና በቁጥጥር ይጠየቅ፤ ለዚያ የልጁ ፊት ለገበያ መውጣት የለበትም።

ወላጅ ይቀጣ ለሚለው ግን ጸሐፊው እባካቸው አንድ ቀን አብረውኝ ቤት ለቤት ቢዞሩ እወዳለሁ። ልጁን ሆን ብሎ የጣለ ወላጅ አሁንም በሕግ ይጠየቃል። እኔ የማገኛቸው ግን እንዲህ ያሉ አይደሉም። አባት በጦርነቱ ያልተመለሰበት ቤት አለ። እናት በባቲ በኩል ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግራ ወደ ሳዑዲ ሄዳ፣ ልጆቹ ከአያት ጋር የቀሩበት ቤት አለ። ከተፈናቃይ መጠለያ ወጥተው በኪራይ ክፍል የታጨቁ አሉ። ትምህርት ቤት ለወራት ተዘግቶ ልጆቹን የሚያውሉበት ያጡ አሉ። እነዚህን በገንዘብ መቅጣት ማለት ቅጣቱን ለመክፈል ልጁን እንደገና ጎዳና ማሰማራት ማለት ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው የተበዳዩ ነው፤ «ስለ ልጁ የሚጮኸው ሁሉ የተዘረፈውን ረስቶታል» ይላሉ። ይህ ወቀሳ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ይገባናል። ተበዳዩ ቃሉን ሰጥቶ ከሄደ በኋላ ጉዳዩ ምን ላይ እንደደረሰ የሚነግረው የለም፤ ልጁን ሰፈር ውስጥ ሲያየው «ተለቀቀ» ይላል እንጂ ምን እንደተወሰነ አያውቅም። ተበዳዩ ካሳ የሚጠይቅበት የሕግ መንገድ አለ፤ ይህንንም የሚያስረዳው አላገኘም። ስለዚህ በየወረዳው ይቀጠር የምለው ባለሙያ ሥራው ልጁን መከታተል ብቻ አይሁን፤ ለተበዳዩም ውሳኔውን ይንገር፣ ካሳውን ያስፈጽም፣ ከፈቀደም ከልጁ ጋር ያገናኘው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ ለክልሉ ምክር ቤት አቤቱታ እንደሚያሰባስቡ ገልጸዋል። እኔም ልፈርም ዝግጁ ነኝ፤ በአቤቱታው ላይ ዕድሜውንና ትልቁን ግቢ አውጥተው እነዚህን ቢያስገቡ፦ ልጆች ሲያዙ በዕለቱ ፍርድ ቤት ይቅረቡ፤ በበዓልና በእሑድም ተረኛ ዳኛ ይኑር፤ በየጣቢያው ከአዋቂ የተለየ ክፍል ይዘጋጅ፤ በደቡብና በሰሜን ወሎ ዞኖች በየወረዳው ፍርድ ቤት አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይቀጠር፤ ለ15 እስከ 18 ዓመት ልጆችም ይኸው አያያዝ በመመሪያ ይዘርጋ። የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት ቢደርስ መልካም ነው።